የአርብ ውሃ

ለመጋላ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ ሥራ ለማይወዱ ወገኖች፣ በታላቅ ሐዘን የተነገረው ዜና ይህ ነበር፦ የባጃጅ ሾፌሩ ዐብዲሻኩር ከምሳ በኋላ ጫት መቃም አቁሟል። ሃያ ሁለት ዓመት የተደገፈው ትራስ ባዶውን ቀረ።

"አቦ፣ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነው!" አለ አብሮ አደጉ ዓደን፣ ቅጠሉን እየቀነጠሰ።

"በዚህ ሙቀት?" አለ አብሮት የሚቅመው ዐብዲሰላም።

እውነቱ ከዚያም የባሰ ነበር። ዐብዲሻኩር የደቻቱን ወንዝ እየተሻገረ ግሪክኛ ይማራል! ስድስት ሳምንት በሚፈጀው የክረምት ትምህርት፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣቦ፣ የግሪኮችን ፊደል፣ ታሪክና ባህል ያጠናል። ተማሪዎቹ የመጡት ሰርተፍኬት ፈልገው ነው። እሱ የፈለገው አንዲት ድንጋይ ማንበብ ነው።

አባቱ በከተማው ይኖሩ የነበሩ ግሪኮች መካነ መቃብር ዘበኛ ነበሩ፣ አርባ ዓመት። ግሪኮቹ ሄደው ሲያልቁ፣ ደመወዙም ሲቀር፣ ሽማግሌው ቁልፉን አልጣሉትም። በየአርቡ ከጁምዓ ሶላት መልስ ጀሪካን ተሸክመው ይሄዱና ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መቃብር ውሃ ያጠጧታል። እሷን ብቻ። "ለምን?" ሲባሉ መልሳቸው "አልናገርም" ነበር። ሰፈሩ "ሽማግሌው አበዱ" አለ። ዐብዲሻኩርም በልቡ አብሮ አለ፤ ሲሞቱ ቁልፉን ወረሰ፣ ውሃውን ተወ። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ልክ ምርቃናው ሲጀምረው፣ አንድ ጥያቄ እየመጣ ያበላሽበታል፦ አባቴ እውነት አብደው ነበር?

የመጨረሻው ትምህርት መካነ መቃብሩ ውስጥ ሆነ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ትልልቁ እብነ በረድ ሲሮጡ፣ እሱ ጥጉ ላይ ተንበርክኮ አቧራውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

"ኤ... ሌ... ኒ። ኤሌኒ። ሁለት ዓመት።" ላቡ ጠብ አለ። ከታች ባለው ረጅም መስመር ላይ አንዲት የሚያውቃት ቃል አገኘ። "መምህር! ይቺ 'ኔሮ' አይደለችም? ውሃ?"

መምህር ግሩም ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አነበበው፦ "'እኛ ሩቅ እንሄዳለን። እዚህ የምታልፍ ሰው ሆይ፣ ለኤሌኒ ውሃ ስጣት፤ አገሩ ሞቃት ነው።'"

በዚያ በሚጋረፍ ፀሐይ የዐብዲሻኩር ፀጉር ቆመ፤ የአባቱን የአርብ ጀሪካን ለመምህሩ ነገረው።

"ጋሼ፣ አባትዎ ግሪክኛ ያነቡ ነበር?" አለ መምህሩ።

"ኧረ እሳቸው በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት።"

"ታዲያ እንዴት አወቁ?"

ዐብዲሻኩር ድንጋይዋን በመዳፉ ዳሰሳት። የኤሌኒ እናት ይሆናሉ፤ ከመሄዳቸው በፊት አባቱን አደራ ብለዋቸው ይሆናል። አንዲት ቃል፣ አርባ ዓመት ሙሉ። "ያ አላህ" አለ፣ ለራሱ።

በሚቀጥለው አርብ ጫት የሚቃምበት በርጫ ቤት ትራሱን አራግፎ ጠበቀው። ባጃጇ በር ላይ ቆመች። የኋላው ወንበር ላይ፣ እንደ ክቡር ተሳፋሪ፣ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል።

"ዋርያ፣ ትምህርቱ አላለቀም እንዴ? ግባ እንጂ!" አለ ዓደን።

"አርብ አርብ አትጠብቁኝ።"

"ውሃውን ወዴት ነው?"

"ከደቻቱ ማዶ።"

"ለማን?"

"አልናገርም" አለና ሞተሩን አስነሳ።