ፈቃዱ የሚስትየው ነው

ሰፈርተኛው «ኢንጂነሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ኢንጂነር ግን አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ የማሰራጫ ክፍል ቴክኒሻን ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱም ለዓመታት አላስተባበለም። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ የኖረች ናት። ማንም የማያነበውን ማንበብ እንጀራዋ ስለሆነ ባሏንም ከፊቱ ታነበዋለች። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጫማውን በር ላይ በሥርዓት አውልቆ ሲገባ ስታየው፣ ይህንንም በጋብቻቸው ዘመን ያደረገው ለሁለተኛ ጊዜ ስለነበር፣ ወይ አንድ ነገር አጥፍቷል ወይ ሊያጠፋ ነው ብላ ተዘጋጀች።

«እንግዳ ሊመጣብን ነው» አላት።

ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ታውቂዋለሽ። ስለሱ ብዙ ጊዜ አውርቼልሻለሁ።»

እንግዳው አሮጌው ማሰራጫ ነበር። ጣቢያው ሻንጣ የምታክል አዲስ መሣሪያ ስላስገባ አሮጌውን ለብረት ቆራጮች ሊሰጠው ነው፤ እስከ ሐሙስ የሚያነሳው ካለ ግን ይውሰደው ተብሏል። ኢንጂነሩ አንጀቱ አልቻለም። አማተር ሬዲዮ አደርገዋለሁ አላት። በየቤታቸው ተቀምጠው በአየር ሞገድ የሚያወሩ፣ የማይተዋወቁ ግን የሚፈላለጉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ እኔም ከነሱ እቀላቀላለሁ አለ። በአጭሩ፣ የዜና ማሰራጫ የነበረው የወሬ ማሰራጫ ይሆናል ማለት ነው። ሚስትየው ልዩነቱ ብዙም አልታያትም።

ሐሙስ ዕለት የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ይዞት መጣ። ሦስት ቁም ሣጥን ጎን ለጎን ቢገጠም የሚያክል ግራጫ ብረት ነው፤ ፊቱ በሰዓት መሳይ መለኪያዎች የተሞላ፣ ጀርባው በር ያለው። ስምንት ሰው ተሸክሞት በሩ ላይ ሲደርስ አልገባ አለ። ወንድሟ «ጋሼ፣ ወይ ቤቱን እናፍርስ ወይ እሱን እንመልሰው» ሲል እየቀለደ ነበር። ኢንጂነሩ ግን ቀልድ አልመሰለውም፤ መፍቻና መዶሻ አምጥቶ የበሩን መቃን ነቀለው። የምግብ ጠረጴዛው በረንዳ ላይ ወጣ። ሚስትየው ከዓመታት በፊት እናቷ ለሕክምና መጥታ ሦስት ሳምንት ትቀመጥ ሲባል፣ ይኸው ሰው ቤቱ ይጠብባል ብሎ እንደነበር አስታወሰች። ይህንንም ለራሷ ብቻ አላስታወሰችም፤ ስምንቱም ተሸካሚዎች እንዲሰሙት አድርጋ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። ይሄኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብረት ነበር፤ እሱም ዝገት ያለበት።

ጥገናው ሦስት ዓመት ፈጀ። በመጀመሪያ ከውስጡ የወጣው አራት ትውልድ ያሳለፈ የሚመስል የአይጥ ጎጆ ነው። ከዚያ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከሉት ነጫጭ የሸክላ ማቀፊያዎች አንድ በአንድ ታጠቡ፤ የታጠቡበት የጥርስ ብሩሽ የማን እንደነበር ሚስትየው የተረዳችው ጥርሷን ከቦረሸች በኋላ ነው። እርጥበት የገባበት ትራንስፎርመር ዙሪያውን አምፖል ተደርድሮለት ሁለት ሳምንት ሲሞቅ ሰነበተ። እሷ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ለሷ አንድም አምፖል አልበራላትም።

ግን እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሙያ አለው። ማሰራጫው ውስጥ ሦስት ሺህ ቮልት ይዞራል፤ ከጠፋ በኋላም ቢሆን ካፓሲተሮቹ የኤሌክትሪክ ጉልበት አጠራቅመው ሰው ሊመቱ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እጁን ከማስገባቱ በፊት ሁልጊዜ ጫፉ ላይ የመሬት ሽቦ የታሰረበትን እንጨት አንስቶ፣ ያጠራቀሙት ወደ መሬት እንዲወርድ አንድ በአንድ ይነካካቸዋል። አንድም ቀን ይህን ሲዘልል አላየችውም። የጋብቻ በዓላቸውን ዘጠኝ ጊዜ ዘልሏል።

ሥራው ላይ ሲያመነታ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሰራጫውን ከጣቢያው ሞገድ ወደ አማተሮቹ ሞገድ ለማዛወር ትልቁ የመዳብ ጥቅል ማጠር ነበረበት። መጋዙን ይዞ ሩብ ሰዓት ቆመ። ከተቆረጠ ወዲያ ይህ ነገር የጣቢያውን ድምፅ ዳግም አያወጣም። ሚስትየው ከጓዳ በር ሆና አየችው፤ አፏ ላይ አንድ ሁለት ተረብ ነበር፣ ዋጠችው። ቆረጠው።

በመጨረሻ መለኪያዎቹ ሁሉ ቀና አሉ፤ የመስታወት ቱቦዎቹም ውስጣቸው ቀላ። ማሰራጫው ሕያው ሆነ። የቀረው ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቃድ። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ነው፤ ፈቃድ የሚገኘውም ሃምሳ ጥያቄ ያለው ፈተና በማለፍ ነው።

ኢንጂነሩ ሳቀ። እኔን ማን ሊፈትነኝ አለ። ሄዶ ተፈተነ፤ ወደቀ።

መልሶቹን አጥቶ አይደለም። ጥያቄ እያነበበ መልስ በመምረጥ ፈንታ ከጥያቄው ጋር ይከራከር ነበር፤ በዐሥራ አንዱ ላይ «ጥያቄው ተሳስቷል» ብሎ ጽፏል። በተለይ አንድ ጥያቄ ጠላቱ ሆነ። አማተር ሊያሰራጭ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ጉልበት ስንት ነው ይላል። መልሱ አራት መቶ ዋት ነው። የሱ ማሰራጫ ግን ሺህ ዋት ማውጣት ይችላል፤ ስለዚህ «እንደ ማሰራጫው ነው» ብሎ መለሰ። በሁለተኛው ፈተናም ይህንኑ መለሰ፤ መልሱ ባይቀየርም የእጅ ጽሑፉ ተሻሽሎ ነበር።

ሚስትየው ማታ ማታ ከእራት በኋላ የጥያቄ መጽሐፉን ይዛ ታጠናው ነበር። እሷ ትጠይቃለች፤ እሱ ይከራከራል፤ እሷ መልሱን ታነብለታለች፤ እሱ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት አምስት ወር አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመዘገብ ሲዘጋጅ አብሬህ ልሂድና ጸጥ ብለህ መጻፍህን ልይ አለችው። እሱም በቁጣ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ቢያገኝ በወደደ ነበር።

«ይሄ ክኒን እንደመቁጠር አይደለም» አላት።

በማግስቱ አብራው ሄደች፤ የመመዝገቢያ ቅጽም ሁለት ወሰደች።

ሁለቱም ተፈተኑ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ክኒን ቆጣሪዋ ከሃምሳ አርባ ስምንት። ኢንጂነሩ ሃያ ዘጠኝ፤ ማለፊያው ሠላሳ ነው። ፈታኟ መነጽር ያደረገች ፈገግ የማትል ሴት ናት፤ የሚስትየውን እጅ ጨብጣ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻትና ባልየውን ደግሞ በርታ አለችው። ሰፈር ሲደርሱ ባለሱቁ «ኢንጂነር፣ እንዴት ሆነ?» አለው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንጂነር አይደለሁም ብሎ አለፈ።

ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ከማሰራጫው በላይ ተሰቀለ፤ በእሷ ስም። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው መናገር የሚችለው ባለፈቃዱ አጠገቡ ተቀምጦ ሲቆጣጠረው ብቻ ነው። ቁጥር ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ነበር፤ በትክክል መልሳዋለች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሰራጫው ተከፈተ። ጉልበቱን ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት ያወረደው እሱ ነው፤ የወረደ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያየችው ደግሞ እሷ። ማይክሮፎኑን ይዛ የተሰጣትን የጥሪ መለያ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ብላ ለበሽተኛ እንደምታስረዳበት ጥርት ባለ ድምፅ ጠራች። ሦስተኛው ጥሪ ላይ የሰው ድምፅ መጣ። ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነኝ አለ። ድምፅዎ እንደ ድሮው ጣቢያ ሞላ ያለ ነው፣ መሣሪያው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

ማይክሮፎኑን ለባሏ ሰጠችው። ይኸው ከሦስት ዓመት በላይ የጠበቀው ደቂቃ።

«ይሰማል?» አለ ኢንጂነሩ።

ሐኪሙ በደንብ ይሰማል አለው።

«ይሰማል?» አለ እንደገና።

ከዚያ ምላሱ ተሳሰረ። ሚስትየው ቀና ብላ ስታየው ግንባሩ አልቦታል። ያኔ ነው የገባት። ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የሚኒስትሩን፣ የዘፋኙን፣ የኳስ ዘጋቢውን ድምፅ ሲልክ ኖሯል፤ የራሱን ግን አንድ ቀን ልኮ አያውቅም። ምን እንደሚል አላሰበበትም። ከሦስት ዓመት በላይ ተረብ ስታጠራቅም ለኖረች ሴት ይህ እንደ ሰርግ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ጠጋ አደረገችና የመለኪያዎቹን ረድፍ በጣቷ አሳየችው።

«ቁጥሮቹን ንገረው» አለችው በሹክሹክታ።

ነገረው። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቮልት አለ። የትራንስፎርመሩን ነገር አወራ፤ የአይጦቹን ነገር አወራ፤ መዳቡን ሲቆርጥ የተሰማውን፣ ለሷ እንኳ ያልነገራትን አወራ። ሐኪሙም ለካ ጋራዡ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድ ደብቆ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ። ባለፈቃዷ በሕጉ መሠረት አጠገቡ ተቀምጣ ሽንኩርት ላጠች፤ ዓይኗ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው፤ እንዲያ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዋ የሷ መሆኑ ቀረ። እህቷን መጠየቅ አልቻለችም፤ ገበያም በጠዋቱ ሆነ። ኢንጂነሩ ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ መፈተን ለምን ያስፈልጋል ማለት ጀመረ፤ አንቺ አለሽ አይደል። ስድስት ቅዳሜ ታገሠችው። በሰባተኛው ሳምንት ሄዳ ራሷ አስመዘገበችው።

ሠላሳ ሁለት አምጥቶ አለፈ። ፈታኟ ወረቀቱን ለሚስትየው አሳየቻት፤ ከጉልበቱ ጥያቄ ጎን «አራት መቶ ዋት። አልስማማም» ተብሎ ተጽፏል። ፈገግ የማትለው ሴት ፈገግ ብላ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ኢንጂነሩ የራሱን ፈቃድ ግድግዳው ላይ አስተካክሎ ሰቀለና እጁን ሊታጠብ ወጣ። አሁን ነጻ ነሽ፣ እህትሽ ጋ ሂጂ ብሏታል። ሲመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ማሰራጫው ሞቋል፤ የጥርስ ሐኪሙም መስመር ላይ ነው። በግራ በኩል ያለው የኋላ ጥርሷ ከሐሙስ ጀምሮ ሲጠዘጥዛት እንደነበር ለሐኪሙ በዝርዝር እያስረዳች ነው።

ኢንጂነሩ ይህን የሚያህል ማሰራጫ ለአንድ ጥርስ ብሎ አጉረመረመ። እሷ ሳትዞር በእጇ ቆይ አለችው፤ ሐኪሙ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ እያዘዘላት ነበር።