የግራ እጅ ቋጠሮ

ሰውየው ዛፍ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አያምርበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ዛፍ ሲከረክም ስለኖረ ሰፈሩ ሁሉ «ጦጣው» ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት ደስ ይለዋል። አልጋ ላይ የተጋደመ ጦጣ ግን ምን ይፈይዳል? አሥር ወር ሙሉ ጣሪያ አየ። ጣሪያው ላይ ዝናብ የሠራው ቡናማ እድፍ ነበር። በመጀመሪያው ወር ጫማ መሰለው፣ በሦስተኛው ፈረስ መሰለው፤ ከዚያ በኋላ ምንም መምሰሉን ተወና እድፍ ብቻ ሆነ።

የወደቀው ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ነው። ዳሌው ተሰነጠቀ፣ የቀኝ ጭኑ ውስጥ ብረት ገባ። ሐኪሞቹ መትረፉ ራሱ ጉድ ነው አሉ። እሱ የወደቀበትን ቀን አያስታውሰውም። ጠዋት መጋዙን ሲስል ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የሐኪም ቤቱን መብራት ነው። መሃሉ ባዶ ነው። ባዶውን ደግሞ ሌሎች ሞሉለት።

የዛፍ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ሥር ቆሞ ገመድ ይይዛል። ገመዱ ከወጪው መታጠቂያ ተነሥቶ፣ ላይ በቅርንጫፍ ባላ ዞሮ፣ ታች ያዡ ወገብ ላይ ይጠመጠማል። ወጪው ቢያድጠው ያዡ በሰውነቱ ክብደት ያስቀረዋል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ቋጠሮውን ወጪው ራሱ ይቋጥራል፣ ያዡ ጣቱን አያስነካውም። ገመዱን ደግሞ ያዡ ለአንድ ትንፋሽ እንኳ ከወገቡ አይፈታም። ወጪው ቦታ ሲቀይር ሁለት ጊዜ ያፏጫል፤ ያዡ ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጎ «አለሁ» ይለዋል። አለቀ። ሌላ ጥበብ የለውም።

ያን ቀን ገመድ የያዘው የሚስቱ ወንድም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚባለው። እናታቸው ስትሞት እህቱ ናት ያሳደገችው፤ ለእሷ ዛሬም ከጀርባዋ አልወረደም።

ማሙሽ ለዛፍ ክፍሉ አለቃ እያለቀሰ የተናገረው ይህን ነው፦ «ስስበው ገመዱ ለብቻው ነው የመጣልኝ። ጋሼ ቋጠሮውን ረስቶታል።»

በቃ። ጦጣው ቋጠሮ የረሳ ሰው ሆነ። በዚያ ሙያ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስም የለም። የሰከረ እንኳ ነገ ስካሩ ይበርድለታል። የረሳ ግን ነገም ይረሳል፤ እንዲህ ነው የሚሉት።

ማሙሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ተቀምጦ ልጦ፣ ክሩን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ያጎርሰዋል።

«እንዴት ሰነበትክ፣ ጋሼ?»

«አለሁ። አልጋውም ደህና ነው፣ ጣሪያውም ሰላም ይልሃል።»

«አይዞህ፣ ትወጣለህ።»

«ወዴት? ወደ መጸዳጃ ቤት?»

የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው ከንፈር ይመጥጣሉ። «እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል! ሌላው ቢሆን ዓይኑንም አያሳይ!» ሚስትየው የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወንድሟ በመጣ ቁጥር መኪናዋን እንዴት አድርጋ እንደምታስጮኸው ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ሰውየውን ከብረቱ ይልቅ ያመመው እጁ ነው። እጁ ደህና ነው፤ አንድም ጣት አልተሰበረ። ግን ማመን ተወው። የጫማውን ክር አስሮ ሦስት ጊዜ ያየዋል። ገመድ ቁራጭ አልጋው እግር ላይ ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይቋጥራል። ግራ እጁ ነው የሚቀናው፤ ስለዚህ ቋጠሮው ከሰው ሁሉ ቋጠሮ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፣ መጨረሻው ላይም አንድ ዙር ይጨምርበታል። በከተማው ውስጥ እንደሱ የሚቋጥር የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ የቋጠረውን አሁን ዓይኑን አፍጥጦ እየቋጠረ አላመነውም።

እግሩን የምታሠራው ሐኪም ልጅ እግር ሴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ የወታደር። እሱም «ወታደሯ» ነው የሚላት።

«አንድ ደረጃ ጨምር፣ አባቴ።»

«አባትሽ ብሆን እንዲህ አታሰቃዪኝም ነበር።»

«አባቴማ ብትሆን እስካሁን አስሮጬህ ነበር! ጨምር!»

ጨመረ። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ቀጥሎ ከበር እስከ ግቢ። ከሁለት ክራንች ወደ አንድ፣ ከአንድ ክራንች ወደ ዱላ። በስምንተኛው ወር መንገድ ዳር ወጥቶ ያለጥላ ፀሐይ ላይ ቆመና ዝም ብሎ አለቀሰ። የአላፊ አግዳሚው ዓይን አላሳፈረውም። ሰው ለአንድ አጥንት ሲል አይሞትም፤ አየር ሲያጣ ግን ይሞታል። በአሥረኛው ወር ወታደሯ መሰላል አስወጣችው፣ አስወረደችው፣ ደግማ አስወጣችው። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈችና «እንግዲህ እግርህ የራስህ ነው፤ የምትሄድበትን አንተ ታውቃለህ» አለችው።

የሚሄድበትን ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት ዱላውን ጥሎ ወደ ዛፍ ክፍሉ መጋዘን ሄደ። ሰዎቹ መጋዝ እየሳሉ ነበር። ሲያዩት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ አቀፉት፣ ትከሻውን መቱት፣ «ጦጣው ከነጅራቱ መጣ!» ተባለ። «ገመድ የሚይዝልኝ ስጡኝ» ሲል ግን ሁሉም ወደ መጋዙ ዞረ።

አለቃው ወደ ጥግ ወሰደው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ስማ ወንድሜ፣ ሰዎቹን ማስገደድ አልችልም። ቋጠሮ ለረሳ ሰው ማን ይይዛል? ነገ ብትወድቅበት ደምህ በእሱ ላይ ነው።»

«አንድም አይገኝም?»

«አንድ አለ። ማሙሽ። አባቴ ይሙት፣ እኔ ብሆን አላደርገውም፤ እሱ ግን ጋሼ ከተመለሰ እኔ እይዝለታለሁ ብሏል። እንዲህ ያለ ሰው ስላለህ አምላክህን አመስግን።»

አመሰገነ። በእርግጥም መንገዱን ሁሉ «ይህን ልጅ በምን ልካሰው» እያለ ነበር የተመለሰው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። መታጠቂያው አሳሰበው። የድሮውን መታጠቂያ ሐኪም ቤት ውስጥ ጣሉት ብላዋለች፤ እንግዲያው አዲስ መሥራት አለበት። ለዚያ ደግሞ ወፍራም ሸራ ያስፈልጋል። የሚስቱን የጨርቅ ቁርጥራጭ ማዳበሪያ ጎትቶ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ሐር፣ ገበርዲን፣ የልጆች ዩኒፎርም ጥራጊ። ከታች፣ ከሁሉ በታች፣ በመጋረጃ ቁራጭ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር።

ፈታው። የራሱ መታጠቂያ ነው።

ጎኑ ላይ በመቀስ ተቆርጧል፤ ሐኪሞቹ ልብሱን ሲያወልቁለት ነው። ፊቱ ላይ የደረቀ ደም አለ። ገመድ በሚገባበት ቀለበቱ ላይ ደግሞ ቋጠሮው አለ። ወደ ተቃራኒው የዞረ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ዙር የተጨመረበት፣ ጥብቅ ያለ የግራ እጅ ቋጠሮ። ከቋጠሮው አንድ ስንዝር ያህል ገመድ ተርፏል፤ ጫፉ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። የአምቡላንስ ሰዎቹ ናቸው፤ ሰውን ከነሠላሳ ሜትር ገመዱ አያነሱትም።

 ሰውየው ቋጠሮውን በጣቱ ነካው። አልተላወሰም።

አልረሳም። እጁ አልረሳም። የተለቀቀው ከታች ነው።

ሚስቱ ስትገባ ወለል ላይ ተቀምጦ መታጠቂያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘችው። የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም፣ አልካደችም። ይህን ይወቁላት፤ ዓይኗን በጨው የታጠበች ሴት አይደለችም።

«ማን ሰጠሽ?»

«ሐኪም ቤት... ልብስህን በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ።»

«ቋጠሮውን አየሽው?»

«አየሁት።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። የመጀመሪያው ቀን።»

«እና ማሙሽሽ ምን አለ?»

ከደጃፉ ሳትነቃነቅ ነገረችው። «ሞቆት ነበር። ገመዱ ጃኬቱ ላይ ነበር የተጠመጠመው፤ ገመዱን ሳይፈታ ጃኬቱ አይወልቅም። ለአንድ አፍታ ብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠው። አንዱን እጅጌ እንዳወጣ...» 

«አሥር ወር!» አለ ሰውየው። «አሥር ወር የጫማዬን ክር ሳላምን ስኖር እዚያ መኪናሽ ላይ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር!»

«አንተማ ወድቀሃል!» አለች፣ አሁን ድምጿ ወጣ። «አንተ አንዴ ሆኖብሃል። እሱ ግን ገመድ ለቀቀ ከተባለ ዕድሜውን ሙሉ ማን አጠገቡ ይቆማል? ሁለታችሁንም ከማጣ አንዳችሁ እንኳ ብትቆሙ ብዬ ነው!»

«እኔን አንጥፈሽ እሱን አቆምሽ።»

«አዎ» አለች። «አቆምኩት።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጣልሽውም?»

እጇን አየች። «እምቢ አለኝ» አለች።

ቅዳሜ ደረሰና ማሙሽ ብርቱካኑን ይዞ መጣ። ጃኬት ለብሷል። ተቀመጠ፣ አንዷን አነሣ፣ መላጥ ጀመረ።

«ጃኬትህን አውልቅ እንጂ» አለው ሰውየው በለሰለሰ ድምፅ። «ይሞቃል።»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«አውልቅ። ያን ቀንም ሞቆህ ነበር አሉ።»

ማሙሽ ፊቱ አመድ መሰለ። እህቱን አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ብርቱካኗ ከእጁ አምልጣ አልጋው ሥር ተንከባለለች።

«ጋሼ... አንድ እጅጌ ብቻ ነው። አንድ እጅጌ...»

«ታዲያ ሁለቱን አውጥተህ ቢሆን የት እወድቅ ነበር? ብርቱካንህን ሰብስብና ውጣ።»

ልጁ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ሰውየው እግሩን ሰበሰበ። «ይህኛው ብረት ነው፤ ግንባርህን ይመታሃል» አለው።

ማሙሽ ሲወጣ ሚስትየው ተንበረከከች። «ለአለቃው አትንገርበት። በእናትህ፣ በሞቴ። እኔን የፈለግከውን አድርገኝ።»

 «አልናገርም» አለ ሰውየው። «ግን እኔ ቤት ውስጥ አልሞትም። ዛፍ እወጣለሁ። ሰዉን ሁሉ ያሸሸሽብኝ አንቺ ነሽ፤ ገመዱን አንቺ ትይዣለሽ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እንዳይፈታ ማወቅ ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።»

በማግስቱ ጠዋት መንገድ ዳር ካለው ጃካራንዳ ሥር ቆሙ። መታጠቂያውን ራሷ ጠግናዋለች፤ ጎኑን በሸራ ደርባ ሰፍታዋለች። የገመዱን ጫፍ ድንጋይ አስሮ ወረወረና በባላው አሳለፈው። ገመዱን ወገቧ ላይ ጠመጠመላት። ሰፋ ያለች ሴት ናት፤ እሱ ደግሞ በአሥር ወር ውስጥ ግማሹ አልቋል። ከዚያ ቋጠረ። አንድ ጊዜ ብቻ። አላየውም።

ወጣ። ቀኝ እግሩ ወደኋላ ይቀራል፣ ክንዱ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። ባላው ላይ ደርሶ ተቀመጠ። ነፋሱ ፊቱን ነካው። ከታቹ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስ፣ አንድ የወፍ ጎጆ በመብራት እንጨት ላይ። አሥር ወር የተመኘው ይህን ነበር። አገኘውም። ግን አፉ ውስጥ ሬት ሬት አለው።

ወደ ታች አየ። ሚስቱ አንጋጣ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ደህና ነህ?» አለች።

 አላፏጨም። ሁለት እጁን ለቀቀና ወደኋላ ራሱን ጣለ።

ገመዱ በባላው ላይ ሾልኮ ጮኸ። ሴትየዋ ተጎተተች፣ ጉልበቷ ጠጠሩን መታው፣ ጎኗ ከግንዱ ጋር ተላተመ። እንኳን ልትለቅ፣ አፏን ከፍታ መጮህ እንኳ አላስታወሰችም። ሰውየው ከመሬት ሁለት ክንድ ቀርቶት አየር ላይ ተንጠለጠለ። ዳሌው እንደ እሳት ለበለበው። ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ።

ቀስ አድርጋ አወረደችው። ጉልበቷ ይደማል።

«ለምን አላፏጨህም? ለምን አትነግረኝም?»

«ማሙሽ ጃኬቱን ሲያወልቅ ነገረኝ?»

 ሰውየው እጇን ይዞ ገለበጠው። ገመዱ መዳፏን ልጦታል፤ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ቀይ ሆኗል። ትንሽ አየውና ለቀቀው።

«ገመድ የያዘ እጅ ይህን ይመስላል» አለ። «ሂጂና ለወንድምሽ አሳዪው።»

ያን ሳምንት መርፌ መያዝ አቃታት፤ የሰው ልብስ ሳይሰፋ ተከመረ። ወደ ወንድሟም አልሄደችም። ዛፍ በወጣ በማግስቱ ጠዋት ግን ሰውየው ከቤት ሲወጣ፣ መዳፏን በተረፈው ሸራ ጠቅልላ፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሳይጠራት በር ላይ ቆማ ነበር።  ቀድሟት ሄደ፤ እሷም ከኋላው ተከተለች።