ስድብ የለመደ ሞተር

የባሌን ጀልባ የሚያስነሱት አማቴ ነበሩ። የማስነሻ ገመዱን የሚጎትተው እርግጥ ባሌ ነው፤ ግን ሞተሩን አማቴ ካልሰደቡት ወይ ፍንክች። መሳቅ ይቻላል፤ እኔም እዚያ ቤት አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

ጠዋት ጠዋት ባሌ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቱን ከነወንበራቸው ተሸክሞ ውሃው ዳር ያወርዳቸዋል። ተሳፋሪው ቦታ ቦታውን ይዟል። ባሌ ገመዱን ይጎትታል፣ ይጎትታል፤ ሞተሩ ያስለዋል፣ ቤንዚን ይተፋል፣ ጭጭ ይላል። ያኔ አማቴ ሻርፓቸውን አስተካክለው ይጀምራሉ። አሳዳጊ የበደለው ይሉታል። ስትጠጣ ቀዳሚ፣ ስትሠራ ጭራ ይሉታል። የጎረቤት ሞተር ሰው አድርሶ ሲመለስ አንተ እዚህ ተጎልተህ ትንሽ አታፍርም ወይ ይሉታል። የልባቸውን ከተናገሩ በኋላ ባሌ አንዴ ይጎትታል፤ ሞተሩ ይነሳል። ማዶ ላይም ያው ስለሆነ አብረው ይሳፈራሉ፤ እስከ ማታ ቤት አይገቡም። ቤቱ የእኔ ነው፤ ጸጥታውም የእኔ።

ታዲያ አንድ ቀን ሞተሩ መሀል ውሃ ላይ ቀጥ አለ። አማቴ ደግሞ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ማን ይቀስቅሳቸው? ባሌ እኔ ልጃቸው ነኝ፣ እኔ ላይ ነው የሚብሱት አለ። አንድ ጡረተኛ ወታደር ብዙ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አልደፍርም አለ። ሲመካከሩ ጀልባው ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ ሸምበቆ ውስጥ ተወሸቀ። አማቴ በራሳቸው ጊዜ ነቅተው መጀመሪያ ተሳፋሪውን፣ ቀጥሎ ሸምበቆውን፣ በመጨረሻ ሞተሩን ሰደቡ። በማግስቱ ተሳፋሪው ሞተሩን ካላሠራህ ሌላ ጀልባ እንይዛለን ብሎ ለባሌ ቁርጡን ነገረው።

«ቀስ በቀስ» የምንለው መካኒክ መጣ። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ አንዲት ብሎን ሲፈታ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሞተሩን አገላብጦ አየና ሦስቱም ካርቡራተሮች አርጅተዋል፣ ቤንዚን ማቆም ስላቃታቸው ሞተሩን ያጥለቀልቁታል አለን። አማቴ ሲሳደቡ የተረፈው ቤንዚን ይተናል፤ የሚያስነሳው ስድቡ ሳይሆን እረፍቱ ነው። ይህን የነገረን በሹክሹክታ፣ ያውም በሩን ዘግቶ ነው።

አማቴ እህታቸው ቤት ሊሰነብቱ እንደሄዱ ሞተሩ ወጥ ቤቴ ገባ፤ ግቢው አቧራ ነው፣ አቧራ ደግሞ ለካርቡራተር ጠላት ነው ተብሎ። የምበላበት ጠረጴዛ ላይ የጎማ ማሸጊያዎቹ፣ ብሎኖቹ፣ የጠቆሩት አሮጌ ካርቡራተሮች ተደረደሩ። መካኒኩ ተጣብቆ የቀረውን የድሮ ማሸጊያ በቢላዬ፣ በራሴ የሽንኩርት ቢላ፣ ፍቆ ፍቆ አነሳው። አዲሶቹን አንድ ባንድ ሲያስር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን ትላለህ ብለው ሞተሩን እየሰደበ ነው! ለምዶ እንደሆነ ድንገት እንዳይከፋው ብዬ ነው አለኝ። እኔስ ምን ልበል፣ ቢላዬን ተቀብዬ አጠብኩ።

ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቆሙት። ባሌ ገመዱን ገና ነካ ከማድረጉ ተነሳ። ባሌ መካኒኩን ሳመው። እኔም እሰይ ብዬ ዘለልኩ፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ከነገ ጀምሮ አማቴ ሥራ የላቸውም። የት ሊውሉ ነው? ቤት። ከማን ጋር? ከእኔ ጋር።

ያን ያህል ምን አስፈራሽ የሚል አማቴን አያውቅም። አንድ ጊዜ ጀልባው ቀለም ሊቀባ ሲቆም ቤት ዋሉ። ሾርባዬን ሰደቡ፣ አልጋ አነጣጠፌን ሰደቡ፣ ዝም ስል ዝምታዬን ሰደቡ። ሌላ ሳምንት ቢጨመር ጨርቄን ጥዬ እሄድ ነበር።

ስለዚህ ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ ጎን ላይ ትንሽ የማጥፊያ ቁልፍ አለች፤ እሷ ከተዘጋች ገመዱን እስከ ነገ ቢጎትቱት አይነሳም። ባሌ ቁልፏን ይዘጋል፣ ይጎትታል፣ ላብ ይጠርጋል። እናቱ ይሰድባሉ። ሲጨርሱ ቁልፏን በክርኑ ከፍቶ ይጎትታል። ለደንበኛ ተሳፋሪዎች ተነገራቸው፤ ጡረተኛው ወታደርማ ሞተሩ እምቢ ሲል እንደ እውነት ራሱን ይይዝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንዲህ እያልን ክረምቱን አለፍን።

አንድ ጠዋት አማቴ ሲነቁ ድምፃቸው ጠፍቷል። ጉንፋን ነው። ቤት ይዋሉ ብንላቸው ጣታቸውን ወደ ውሃው ቀሰሩ። ትኩስ ነገር በፔርሙስ ይዤ ተከትዬ ወረድኩ። ያን ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ማዶ የሚሻገር፣ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ተሳፍሯል፤ ቶሎ በሉ ማለት እንኳ አቅቶት ያቃስታል። ባሌ ገመዱን ጎተተ፤ ሞተሩ ጭጭ። ሁላችንም አማቴን አየን። አማቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ባሌን ላብ አጠመቀው። እናቱ ሳይሰድቡ ካስነሳው ማታለላችን ሊጋለጥ ነው፤ ካላስነሳው የሰውዬው ነገር አለ።

ይሄኔ አማቴ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝና ጆሮዬ ላይ ስድቡን ማንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ልጩህላቸው ማለት ነው። መጀመሪያ አፈርኩ፤ አሳዳጊ የበደለህ አልኩት፣ ከንፈሬን እየነከስኩ። ቀጥሎ ድምፄ ወጣ። ልግመኛ፣ ሆዳም፣ ተሸክመን የምንኖርህ አልኩት። ስንት ዓመት የዋጥኩት ነገር መሰለኝ፣ ከአንጀቴ ወጣ። እሳቸው ያላሉትን ሁሉ ጨመርኩበት።

አማቴ እንደገና ሳብ አደረጉኝ።

«ይበቃዋል። ቁልፏን ከፍቶ ያስነሳው በይው፤ የሰውዬው ጉንጭ ሊፈነዳ ነው።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እማማ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከእህቴ ቤት የተመለስኩ ዕለት የሞተሩን ድምፅ ስሰማ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ይወርዳሉ? በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጉልበት?»

አማቴ ቤታችን ወዳለበት አቅጣጫ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቤት ውዬ ማንን ልስደብ? አንቺን?»

 ለባሌ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ሞተሩ ተነሳ። ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ፤ ጸጥታዬ እዚያ ይጠብቀኛል። እግሬ ግን እምቢ አለ። ጀልባው ላይ ወጥቼ ከጎናቸው ቆምኩ፤ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ።

አማቴ በሌለ ድምፃቸው፣ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

«ጠጋ በይ፣ ገልቱ» አሉኝ።