የሥራ ሰዓት በሰማይ ላይ

የካፒቴን ኃይለልዑል የሥራ ሰዓት አውሮፕላናቸው ቀይ ባሕርን እንደተሻገረ፣ ገና በአየር ላይ እያለ አለቀ። ስለዚህ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መጀመሪያ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ተከፈተ። ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባለጎማ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ። ረዳት አብራሪው ተከተላቸው። መተላለፊያው ጠባብ በመሆኑ ሻንጣው የሰው ጉልበት ይነካ ነበር፤ ካፒቴኑም በየረድፉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይሉ ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው።

ትርሲት በዚያ ሰዓት ለመንገደኞች ሻይ እየቀዳች ነበር። የደጋ አየር መንገድ ዋና አስተናጋጅ ናት። በሥራ ዘመኗ በአየር ላይ ልጅ ሲወለድ አይታለች፤ ሰው ሲሞትም አይታለች፤ ሁለት ባለሀብቶች ለአንድ መስኮት ሲደባደቡ ገላግላለች። አብራሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኋላው በር ሲሄድ ግን አይታ አታውቅም። ደንግጣ ባለችበት ቆመች። ሻዩ ኩባያውን ሞልቶ ጣቷን ሲያቃጥላት እንኳ ማንቆርቆሪያውን አላቀናችም።

«ካፒቴን፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት ነዋ፣ ትርሲትዬ። ሰዓታችን ሞላ።»

«አላረፍንም እኮ!»

«እሱማ ጠፍቶኝ ነው?» አሉ ካፒቴኑ ትንሽ ቅር ብሏቸው። «ሕግ ሆኖብኝ እንጂ። የደከመ አብራሪ አደገኛ ነው። ከዚህ በኋላ ለአፍታ ብቀመጥ የእነዚህን ሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ እጥላለሁ።»

ረዳት አብራሪው የኋላውን በር ከፈተ። ከበሩ ማዶ፣ ደመናው ላይ፣ የደጋ አየር ነጭ ሰርቪስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሾፌሩ ጋሽ ላቀው እንደ ሁልጊዜው አንድ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ዜና ያዳምጣሉ።

«ጋሽ ላቀው፣ እኛስ?» አለች ትርሲት።

«ለሁለት ሰው ነው የተላክሁት፣ ልጄ። ቦታ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። ቦታማ ሞልቷል፣ ይኸው።» ዞር ብለው ባዶዎቹን ወንበሮች አሳዩዋት።

ካፒቴኑ ሰርቪሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ እንዳይገባባችሁ» አሉ። ትርሲት በሩን ዘጋችው። በመስኮት ስታይ ሰርቪሱ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ታጠፈና ቁልቁል ወረደ።

መንገደኞቹ አልጮኹም። ድንጋጤው ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አልተወላቸውም። መሀል ላይ የተቀመጠ ክራባት ያሰረ ሰው አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ሳንድዊች ሲቀርብለት ነው የተጠቀመበት።

ነገሩ በሕግ በኩል ግልጽ ነበር። በደጋ አየር የአብራሪ የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ከሆቴሉ በር ጀምሮ ነው። ዱባይ ላይ ከመነሳታቸው በፊት ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ ሲጠብቁ አብዛኛው አልቋል። የአስተናጋጅ ሰዓት ግን የሚጀምረው የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ሲሆን የሚያልቀው ጎማው መሬት ሲነካ ነው። ጎማው መሬት ካልነካ አያልቅም። ትርሲትና ጓደኞቿ የሥራ ሰዓታቸው ከአብራሪዎቹ ጋር አንድ እንዲሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቀው ነበር። በየዓመቱ የሚሰጣቸው መልስ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነበር።

ከኋላው በር አጠገብ፣ መስኮቱ ጥግ፣ እማማ አጸደ ተቀምጠዋል። አራስ ልጃቸውን ሲንከባከቡ ከርመው የሚመለሱ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ አሮጊት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ከወንበሩ ሥር በሥርዓት አስቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ ያለችውን የመጥሪያ ቁልፍ ያወቋት በዚህ ጉዞ ነው። ሲጫኗት «ዲንግ» ትላለች፣ ብርቱካናማ መብራት ይበራል፣ ትርሲት ትመጣለች። በዕድሜያቸው ጠርተውት ወዲያው የመጣ ነገር ስላላጋጠማቸው ደጋግመው ይጫኗት ነበር። አሁንም ተጫኗት።

«ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ደረሱ እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ እነሱ ደረሱ።»

«እኛስ?»

«እኛም እንደርሳለን።»

እማማ አጸደ እጅጌዋን ያዙ። «አንቺም እንደነሱ ጥለሽኝ ትሄጂ ይሆን?»

«ሳናርፍማ የትም አልሄድም» አለች ትርሲት።

ይህን ስትል የምሯን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ ሶስና ገርጂ ካለው መዋዕለ ሕፃናት ትመረቃለች። ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ፣ ኮፍያ ደፍታ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ግጥም ታነባለች። ትርሲት የልጇን የመጀመሪያ እርምጃ ናይሮቢ ሆና፣ የመጀመሪያ ጥርሷ መውለቁን ሎሜ ሆና በስልክ ነው የሰማችው። ለዚህኛው ፊት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ምላ ነበር። ሶስና መሐላውን ሰምታ «በስልኩ ውስጥ ነው የምትቀመጪው?» ብላ ጠይቃታለች። ልጅቷ የጠየቀችው ከልቧ ነበር፤ ትርሲትን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ደረሰና በከተማዋ ላይ መዞር ጀመረ። አውሮፕላን የሚያርፈው የሚያሳርፈው ሲኖር ነው። ነዳጁም አላለቀም። መቀነሱን መለኪያው ላይ አይቶ የሚያረጋግጠው አብራሪ ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት መርፌዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ትርሲት ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገባች። ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ቀበቷቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። የካፒቴኑን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የበረራ ፕሮግራም ክፍሉን ኃላፊ አቶ ምናሴን ጠራች።

«አቶ ምናሴ፣ አብራሪ የለንም።»

«አውቃለሁ፣ ትርሲት። ካፒቴን ኃይለልዑል በሰላም ገብተው ተኝተዋል።»

«ሌላ አብራሪ ይላኩልን እንጂ!»

«አብራሪ ሞልቷል። ግን አብራሪ ሥራ የሚጀምረው መሬት ላይ ካለ አውሮፕላን ነው። አሳርፊውና ወዲያው እልካለሁ።»

«እኔ ነኝ የማሳርፈው?»

«ኧረ በፍጹም! የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም። እንዳትነኪ።»

«ታዲያ ስንት ቀን ነው የምንዞረው? ልጄ ዛሬ ትመረቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠየቅን እኮ! የእኛም ሰዓት እንደነሱ ይሁን አልን።»

አቶ ምናሴ ሻያቸውን ፉት ሲሉ ተሰማ። ከበስተጀርባቸው የማንኪያ ኳኳታ ይሰማል። «እንዲያውም አሁን ስብሰባ ላይ ነን» አሉ። «ጉዳዩ ይኸው ነው። መስመሩን አትዝጊ።»

ትርሲት ጠበቀች። አንድ ሰው ሲናገር፣ ሌላው ሲያስል፣ ሦስተኛው ስኳር ሲጠይቅ ሰማች። ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ አቶ ምናሴ። «ጸድቋል። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የአብራሪና የአስተናጋጅ የሥራ ሰዓት አንድ ነው። በዚህም መሠረት የእናንተም ቀይ ባሕር ላይ አልቋል። ሰርቪሱ እየመጣላችሁ ነው።»

ትርሲት መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። እንባዋ መጣ። ቀጥሎ የሰማችውን አሰበችና እንባዋ ባለበት ቆመ።

«መንገደኞቹስ?»

«የትኞቹ መንገደኞች?»

«እዚህ ያሉት።»

«እነሱማ የሥራ ሰዓት የላቸውም፣ ትርሲት» አሉ አቶ ምናሴ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰዓት የሌለው ሰው ሰዓቱ እንዴት ያልቃል?»

ስትወጣ ብሌን የምትባለው ወጣት አስተናጋጅ ሻንጣዋን ይዛ የኋላው በር ላይ ቆማለች። ሌሎቹ ሰርቪሱ ውስጥ ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ትርሲት።

«ወደ ቤት። ምነው፣ ሦስት ዓመት የታገልሽበት አይደለም? ድል አድርገሽ ደግሞ ታኮርፊያለሽ?»

ጋሽ ላቀው ጥሩምባ ነፉ። «ትርሲት፣ ልጄ፣ ወሰኚ! አንቺን ካደረስኩ በኋላ የእኔም ሰዓት ያልቃል። ተመልሼ አልመጣም።»

ትርሲት በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ከታች ገርጂ አለ፤ ከገርጂ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናቱ ቀይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ፊት ለፊት የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። ሰማያዊ ነጥቦች ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ። የትኛው ነጥብ ሶስና እንደሆነች ማወቅ አልተቻለም።

የድምፅ ማጉያውን አነሳች። «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ አዲስ አበባ ደርሰናል። ለማረፍ እንድንዘጋጅ ወንበርዎን ቀጥ ያድርጉ፣ ጠረጴዛዎን ይጠፉ፣ የመስኮት መከለያዎን ይክፈቱ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ። ከእኛ ጋር ስለበረሩ እናመሰግናለን።» ሁሉም የታዘዙትን አደረጉ። ክራባት ያሰረው ሰው አፉን ዘጋ። የሚነግራቸው ሰው በመገኘቱ ፊታቸው ፈታ አለ።

ዲንግ አለ።

«ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አሉ እማማ አጸደ።

«ውኃ ላምጣልዎ። መጣሁ፣ እማማ።»

ከእሳቸው ወንበር እስከ ኋላው በር ሁለት እርምጃ ያህል ነው። ትርሲት ሰርቪሱ ውስጥ ገብታ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠች። እስከ ገርጂ ድረስ ጋሽ ላቀው ቦሌ ላይ መንገዱ መዘጋጋቱን አንስተው አማረሩ።

ትርሲት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሶስና መድረክ ላይ ወጣች። ኮፍያው ዓይኗ ላይ ወርዶ ስለነበር እናቷን ለማየት ቀና ማለት ነበረባት። አየቻት። እጇን ዘርግታ በጣቷ አሳየቻት። «ያቻት! በእውነት መጥታለች!» አለች በድምፅ ማጉያው፤ ወላጆች ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ትርሲት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንዲህ ያለ ደስታ አታውቅም ነበር።

ሶስና ግጥሟን ጀመረች። መሀሉ ላይ ስትደርስ፦

ዲንግ።

ወላጆች ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሏቸው ወደ መምህሯ ዞሩ። መምህሯ ገመዱን ነካካች። እንደገና ዲንግ አለ። ድምፁ የመጣው ከላይ ነበር።

ሶስና ማንበቧን አቆመች። «እማዬ፣ ሰው እየጠራሽ ነው።»

«ሰዓቴ አልቋል፣ የኔ ልጅ» አለች ትርሲት። «አንብቢ።»

አውሮፕላኑ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ መጣ። በጣም ዝቅ ብሏል፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። የመስኮት መከለያዎቹ ሁሉ ተከፍተዋል። መንገደኞቹ ጀርባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ፊት እያዩ ተቀምጠዋል። ወደ ታች የዞረው ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላው በር አጠገብ፣ ነጠላ የተከናነበ፣ ከበላዩ ብርቱካናማ መብራት የበራ።

የአውሮፕላኑ ጥላ ግቢውን ሲሸፍን ሕፃናቱ አንድ በአንድ ተቀመጡ። የነገራቸው የለም። ጀርባቸውን አቀኑ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሶስናም መድረኩ ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል አንድ እጇን ከራሷ በላይ ዘረጋችና የመጥሪያ ቁልፍ ያለ ይመስል ባዶውን አየር በጣቷ ተጫነች።

ከሰማይ ዲንግ አለ።