መርዶ በመድረክ ላይ

ጀላልዲን ለንደን ተወልዶ ያደገ የወሎ ልጅ ነው። ለእንግሊዞቹ የሬዲዮ ቀልድ ሲጽፍ፣ ራሱም እየተጫወተ ሲያስቃቸው ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 2012 ሚስቱን ተከትሎ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። እዚያ ከሀምዳን ጋር ተዋወቀ። ሀምዳን ያኔ ገና ማይክ የጨበጠ ጀማሪ ነበር፤ ቀልድ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል ያስተማረው ጀላልዲን ነው። አብረው ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ሁለቱም ይጫወቱታል። አንደኛቸው «ይሄ አይነካም» ካለ ግን አይነካም። ውላቸው ይኸው ነበር።

ጀላልዲን አይነካም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቱን መርዶ።

እናቱ ዘመድ ልትጠይቅ ደሴ እንደሄደች አረፈች። በማግስቱ የመስጊዱ ትልቅ ሰው ሐጂ ቢራቱ ከሱብሒ ሶላት መልስ ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቱን አንኳኩ። በማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሀበሻ የለም፤ ለንደን ያደገው ጀላልዲን ግን አላወቀም። ባለፈው ቅዳሜ ዝግጅቱ መስጊድ በር ላይ ስለሚቀያየር ጫማ ቀልዶ ስለነበር ሊቆጡት የመጡ መሰለው። ገና ሳይቀመጡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ የእያንዳንዳቸውን ጫማ እያነሳ ቀለደ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ቻሉት። በመጨረሻ ሐጂ ቢራቱን ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። ያኔ ገባው። በገዛ እናቱ መርዶ ላይ ሰው ማሳቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ይህንን የነገረው ለሀምዳን ብቻ ነው፤ እያለቀሰ።

በዓመቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትልቅ ዝግጅት ነበራቸው። ቀድሞ የወጣው ሀምዳን ነው።

«እናቴ የሞተች ለት» ብሎ ጀመረ፣ «ሽማግሌዎች በጠዋት በሬን ኖክ አደረጉ።»

የሀምዳን እናት እኮ እዚያው ቅርብ፣ ሀያትስቪል በሙሉ ጤና ተቀምጣለች! ጀላልዲን ከመጋረጃው ጀርባ ክው አለ። ጫማው፣ ይቅርታው፣ የሐጂ ቢራቱ ሳቅ፣ አንድም የቀረ የለም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሀምዳን ላቡን እየጠረገ ሲመለስ ጀላልዲን ክንዱን ያዘው።

«እንዴት አስቻለህ?»

«ጀላል፣ ፐርሰናል አታድርገው። አንተ መቼም አትጫወተውም፤ ባክኖ ዌስት ሊሆን ነው። ሲስቁ አልሰማህም?»

ይህን ሰው ወንድሜ ብሎት ነበር። ክንዱን ለቀቀው፤ ስሙ ተጠራና መድረክ ላይ ወጣ። ያዘጋጀው ቀልድ ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ።

«አሁን የሰማችሁት ውሸት ነው» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የሞተችው የሱ እናት አይደለችም። የኔ እናት ናት።»

ሰዉ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወላሂ! የኔ እናት ናት!»

ይሄኔማ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡለት። ከመጋረጃው ጀርባ ሀምዳንም ያጨበጭብ ነበር።