የቦራ ፍሬን

ሙደሲር ፈረሱን ከነጋሪው የገዛው ከጎጃሜው ከአሸብር ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ ሰውም ጆንያም በጋሪ ሲሄድ ማለት ነው። አሸብር አገሬ ልገባ ነው ብሎ ሸጠለት። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ነው የሚባለው። ሙደሲር ጥርሱን አየ፣ ኮቴውን አየ። ጠባዩን ግን ማን ያያል? አሸብርም እቴ፣ ትንፍሽ አላለም!

በማግስቱ ራጉኤል በር ላይ ሲደርሱ ቦራ ቀጥ አለ።

"መጭ!"

ወይ ፍንክች! ከኋላ ያለው ሎንቺና ጡሩምባውን ያንባርቃል፣ ተሸካሚዎች ይስቃሉ። ሙደሲር ወረደ፣ ጆሮውን አከከለት፣ ተመልሶ ወጣ። ቦራ ሄደ። "አሃ፣ ጆሮ ነው ለካ!" አለ። ተክለ ሃይማኖት ጋ እንደገና ቀጥ። ወረደ፤ ጆሮውን ማከክ ረሳና ሳር አጎረሰው፣ ወጣ፣ ሄደ። "ሳርም ነው!" በሦስተኛው ቀን ወርዶ ዘፈነለት። ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በደረሰ ቁጥር እየወረደ ያካል፣ ያጎርሳል፣ ይዘፍናል። ወሎዬ ስለሆነ ድምፁ እንኳ ደህና ነው።

ችግሩ የታርጋ ፈተናው ነው። ታርጋ ካላወጣ መሥራት አይችልም፤ የእጮኛው የጠሂራ አባት ደግሞ "ባለ ታርጋ ሳትሆን ልጄን አታያትም" ብለውታል።

ፈታኙ አሥር አለቃ ዘውገ ናቸው፤ ሪዛቸው ከቦራ ጭራ ጋር ይወዳደራል። ጋሪው ላይ ወጥተው ተደላደሉና፦

"ስማ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ከመቀመጫህ ብትወርድ ወደቅህ" አሉት።

"እንዴ! ጆሮውንስ?"

"የማንን ጆሮ?"

"ኧረ ምንም፣ ጌታዬ።"

ራጉኤል በር ላይ ቦራ ቀጥ አለ። ሙደሲር ላብ አጠመቀው። ከላይ ሆኖ ለመዝፈን አፉን ሲከፍት አሥር አለቃ ቆባቸውን አወለቁ። "ጎሽ! እስላም ሆነህ ለኔ ብለህ አቆምክልኝ?" ብለው ወረዱ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ፣ ተመልሰው ወጡ። ቦራ ሄደ።

ሙደሲር አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ያ ሁሉ ዘፈን! ለካ ፈረሱ የለመደው አሸብር ወርዶ ተሳልሞ ሲወጣ ነው። ሰው ወርዶ ከወጣለት ሌላ ጉዳይ የለውም።

ተክለ ሃይማኖት ላይም እንደዚያው። አሥር አለቃ ሪዛቸውን እየጠቀለሉ "በዚህ ከተማ ጨዋ ጋሪ ነጂ የለም ያለው ማነው?" ይላሉ። ታርጋው እጁ ገባ በሉት። ከዚያ ቦራ በገዛ ፈቃዱ ታጠፈና እትዬ ሠርኬ ጠጅ ቤት በር ላይ ቆመ።

"ይሄ ደግሞ የማን ደብር ነው?" አሉ አሥር አለቃ።

"ይውረዱና ይውጡ፣ ጌታዬ፤ ይሄዳል።"

ወረዱ፣ ወጡ። ቦራ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ሠርኬ በጣሳ አምቡላ ይዘው ብቅ አሉ።

"ቦራዬ! የት ጠፋህ? አሸብር ብርሌውን ሲጨብጥ እሱ አምቡላውን ነው" አሉ። ማንም ሳይከለክላቸው ቦራ ጣሳውን ጭልጥ!

"ሰክሮ መንዳት ክልክል ነው!" ብለው ጮኹ አሥር አለቃ።

"እንዴ፣ እኔ መቼ ጠጣሁ? የጠጣው ፈረሱ ነው!"

አሥር አለቃ አሰቡ። ሕጉ ስለ ነጂ እንጂ ስለ ፈረስ አይልም። እሳቸው እያሰቡ ቦራ ተፈተለከ።

የምን መሄድ? መብረር ነው እንጂ! በርበሬ በረንዳን መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። ባለ በርበሬዎቹ ጆንያቸው ላይ ተደፉ፣ አንዱ ቁና ተገልብጦ መንደሩ ሁሉ አነጠሰ።

"አቁም! ሃፕጭ! አቁም እኮ ነው የምልህ!"

"ልጓም አልሰማ አለኝ!"

"ፍሬን ያዛ!"

"ፈረስ እኮ ነው ጌታዬ! የምን ፍሬን?"

ከፊት ለፊት መንገዱን የዘጋ እንጨት የጫነ መኪና ቆሟል። አሥር አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙደሲር "ያ አላህ! ጠሂራ ቀረች!" አለ።

ከመኪናው በፊት ግን ዞረው የመጡበት የራጉኤል በር ነበረ። ቦራ ቀጥ! አለ። አሥር አለቃ ተስፈንጥረው ፈረሱ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

ቀስ ብለው ወረዱ። እጅ ነሱ፤ ይሄኛው እንኳ ከልብ ነው። ከዚያ በርበሬ የጠገበ አፍንጫቸውን ጠርገው ፈረዱ፦

"ስንቱ ሎንቺና ፍሬን በጠሰ እየተባለ ሰው ይፈጃል። ይሄ ሰክሮም ይቆማል። አልፈሃል! አምቡላ ግን እንዳላይ።"

ጠሂራን አገባት። የሠርጉ ቀን በዚያው ጋሪ ሙሽሪትን ይዘው ሲሄዱ አሥር አለቃም ተጋብዘው ከጎን ተቀምጠዋል። ራጉኤል ላይ እሳቸው ወረዱ፣ ወጡ፣ ቦራ ሄደ። ትንሽ እንደሄዱ ቦራ አንዋር መስጊድ በር ላይ ደግሞ ቀጥ አለ።

"እዚህ ደግሞ ምን ሆነ?" አሉ አሥር አለቃ።

ሙደሲር አፈረ። "ጁምዓ ጁምዓ እዚህ የምወርደው እኔ ነኝ። ለመደው መሰለኝ።"

"ታዲያ ውረዳ!"

ሙደሲር ካባውን ለመሰብሰብ ሲታገል ጠሂራ ከሻሿ ሥር ሳቀች። "ሙሽራ ከጋሪ አይወርድም፣ አሥር አለቃ። እርስዎ ለምደዋል፤ ይውረዱልን እንጂ!"

አሥር አለቃ ዘውገ እያጉረመረሙ ቆባቸውን አወለቁና ወረዱ።