ትርፍ አምራች

የመንግሥት ሠራተኛው ወርቁ በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ወገዳ ከተማ የመጣው የሲማዳ ወረዳን ቀበሌዎች በምርታቸው ሊመድብ ነበር። «ትርፍ አምራች» የተባለው ቀበሌ ለመንግሥት እህል ያቀርባል፤ «እጥረት ያለበት» የተባለው ርዳታ ያገኛል። መመሪያው ገበያውን እይ ስለሚል ገበያ መሀል ቆሞ አየ። በሬው ተኮልኩሏል፣ እህሉ በየስልቻው ቆሟል። ደስ አለው።

ጨው ነጋዴዋ ሀሊማ ሲጽፍ አይታ ጠራችው።

«ምን ብለህ ጻፍከን ልጄ?»

«ትርፍ አምራች ነዋ፣ እመይቴ! ገበያችሁ ሞልቶ እያየሁ?»

«ሻጩን አየህ፤ ገዢውንስ አይተሃል? ይኼ እኮ ለዘር የተቀመጠ እህል ነው። በሬውንም የሚሸጡት ሣር አጥቶ ሳይሞትባቸው ብለው ነው።»

ነጋዴ መቼም ማማረር አይተውም ብሎ ስቆ አለፈ።

ዝናቡ ቀረ። በዓመቱ ቄስ ገብረ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ከሲማዳ በእግራቸው እስከ ወርቁ መሥሪያ ቤት መጥተው ከአለቃው ፊት ቆሙ።

«ሕዝቡ አለቀ፣ ጌታዬ።»

አለቃው መዝገቡን ገለጠ። «የእናንተ ቀበሌ ትርፍ አምራች ነው፣ አባ። ርዳታ አልተመደበለትም።»

«አዎን፣ ትርፍስ አለን» አሉ ቄሱ። «የተረፈን መቃብር ነው።»

ወርቁ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ከዚያን ቀን ወዲያ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ቢሮው ጭር ባለበት ሰዓት፣ የገበያ ሁካታ ይሰማው ጀመር። ሲያዳምጥ ግን የሚጫረት ድምፅ የለበትም፤ ሁሉም ሻጭ ነው። መስኮት ይዘጋል፤ አይቆምም።

ምደባው ይለወጥ ብሎ አለቃውን ለመነ። «ለከርሞ» ተባለ። አለቃው ስብሰባ በሄደበት ቀን መዝገቡ ላይ «እጥረት ያለበት» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበትና ከእህሉ መኪና ጋር ወገዳ ወረደ። የሀሊማ በር በድንጋይ ተደግፎ ተዘግቷል። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። በቄሱ ቀበሌ ከየቤቱ እየተደገፈ የወጣው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ከአንድ ዛፍ ጥላ አልተረፈም።

ለዚህ ሥራው ስምንት ወር ታሰረ። እንደተፈታ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ቄስ ገብረ ማርያምን ፈልጎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አገኛቸው።

«ያመጣኸው እህል ያዳናቸው አሉ» አሉት።

«ያለቁትስ አባ? ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቄሱ ከጎናቸው አስቀመጡት። «ስማቸውን ልንገርህ? ትችለዋለህ?»

«ይንገሩኝ።»

ከሕፃናቱ ጀመሩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ቄሱ ገና እናቶቹ ላይ አልደረሱም።